የማን አውራ ጣት ነው

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገጽ አርባ ሰባት ጠፋ።

በትክክል ለመናገር፣ መቼ እንደጠፋ ያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ የሆነው መጥፋቱ መታወቁ ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሰብሃት መዝገቡን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ፖስታውን አዘጋጅተው፣ ማኅተሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ገጾቹን እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ እያስነኩ ይቆጥሩ ጀመር። አርባ አምስት። አርባ ስድስት። አርባ ስምንት።

ቆም አሉ። ወደ ኋላ መለሱ። እንደገና ቆጠሩ። ሦስተኛ ጊዜ ቆጥረው ሲጨርሱ ስልካቸውን አነሡ።

ኢንስፔክተር በላይነሽ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤቱ ያለውን ዳገት በእግሯ ወጣችው። ዝናቡ የቦንጋን ቀይ አፈር አላቁጦት ስለነበር የሚወጣ ባጃጅ አልተገኘም። መዝገብ ቤት ስትደርስ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ቁጣ ነበር።

«ምንድን ነው የጠፋው?»

«አንድ ገጽ» አሉ ጋሽ ሰብሃት።

«አንድ ወረቀት ጠፋ ብላችሁ ነው ከስብሰባ ያስጠራችሁኝ?»

«ይቺ ወረቀት የሰው አራት ዓመት የበላች ወረቀት ናት፣ በላይነሽ። ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸይሪያ የምትባል የሺሺንዳ ተወላጅ ቦንጋ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። የዛሬ አራት ዓመት ባሏ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። አብረው በኖሩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቤት ሠርተዋል፤ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ። የሟች ታላቅ ወንድም ሰላሐዲን የውርሱን ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱም ንብረቱን ሁሉ የሟች አድርጎ ለሚስት ሩቡን፣ ቀሪውን ለወንድም ወሰነ። ኸይሪያ በሃይማኖቷ ቅር የተሰኘች ሴት አይደለችም። ቅር ያላት ሳትጠየቅ መዳኘቷ ነው። መደበኛው ፍርድ ቤት ቢያየው ኖሮ ከሁሉ በፊት የቤቱ ግማሽ የራሷ ላብ ነው ብላ ትከራከር ነበር።

ሕገ መንግሥቱ የሃይማኖት ፍርድ ቤት የቤተሰብ ጉዳይ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ። መዝገቡ ገጽ አርባ ሰባት ላይ የፈቃድ ፎርም አለ። ከፎርሙ ግርጌ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ። ኸይሪያ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል በፊርማ ፈንታ የምታኖረው አሻራ ነው።

«ጣቱ የእኔ አይደለም» ብላ ጮኸች። ሰሚ አላገኘችም። ይግባኝ ባለች ቁጥር ዳኞቹ አሻራውን እያዩ «ፈቅደሻል» አሏት።

ዘንድሮ ነገሩ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ። አምስት ዳኞች ከአዲስ አበባ በቴሌቪዥን መስኮት አዩአት። ሰበር የሕግ ስህተት እንጂ ፍሬ ነገር አይመረምርም፤ «አልፈቀድኩም ያለችን ሴት አሻራ ሳያስመረምሩ መወሰን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው» አለና መዝገቡን ወደ ታች መለሰው። ጣቱ የማን እንደሆነ አስመርምሩ፣ ከዚያ ወስኑ።

«ትእዛዙ ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ» አሉ ጋሽ ሰብሃት። «የአፈጻጸም እግዱ ሰኞ ያበቃል። እስከዚያ ኦሪጅናሉ ለምርመራ መላኩን ካላሳየን አፈጻጸሙ ይቀጥላል። ኸይሪያ ከቤቷ ትወጣለች።»

በላይነሽ መዝገቡን ወደ መስኮቱ ወስዳ ገለጠችው። የመዝገብ ወረቀት በወስፌ ሦስት ቦታ ተበስቶ በሲባጎ ይሰፋል። ወረቀት ሲቀደድ ከስፌቱ ሥር ቅሪት ይተዋል። አርባ ስድስትና አርባ ስምንት መካከል ግን አንዲት ቅራጭ የለችም።

«አልተቀደደም» አለች። «ተፈትቶ፣ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተሰፍቷል። ችኩል ሌባ አይደለም።»

«እንግዲህ...»

«መስፋት የሚያውቅ ማን ነው?»

«እዚህ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«ከማክሰኞ ወዲህ መዝገቡ ከዚህ ክፍል ወጥቷል?»

ጋሽ ሰብሃት ወደ ጥግ አዩ። ጥጉ ላይ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ሊና የምትባል የመዝገብ ሠራተኛ ቆማለች። የመውጫ ደብተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

«አልወጣም» አለች ሊና።

«ደብተሩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የምትናገሪው?»

«ደብተሩ ላይ አልወጣም።»

በላይነሽ መልሱን ወደደችው፤ ገና ያልተነገረ ነገር እንዳለው ገባት። ግን አላጠበቀችም። የፈራች ልጅ ስትጨመቅ የሚወጣው ሁሉ እውነት አይደለም።

ሰላሐዲን የኮረሪማ ነጋዴ ነው። ከሺሺንዳና ከደካ የመጣ ኮረሪማ እስከ ጣሪያ በተከመረበት መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«መጣሽ?» አላት። «ወረቀቱ መጥፋቱን ሰማሁ። አሁኑኑ ኸይሪያን ያዢልኝ።»

«ለምን እሷን?»

«ማን ያጠፋዋል ታዲያ? ጣቷ መሆኑ ሊረጋገጥባት ነዋ።»

«እርስዎ ሊያጠፉት አይችሉም? ጣቷ አለመሆኑ ሊረጋገጥብዎት።»

ሰላሐዲን አልተቆጣም። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ትናንት ለልጁ የላከውን መልእክት አሳያት። «ጣቱ ተመርምሮ ይውጣልንና እንገላገል፤ በመንደሩ ቀማኛ ተብዬ አልሞትም» ይላል።

«ፎርሙን አሻራ ያስደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም። ኸይሪያ ኢዳ ላይ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ እኔ የባሏ ወንድም ገብቼ ፈርሚ ልላት ደግ አይደለም። ፎርሙን ለመዝገብ ቤት ሰጠሁ። በማግስቱ አሻራ አርፎበት አገኘሁት። እስከ ዛሬ የማውቀው ፈቅዳ እንደካደች ነው።»

ለመዝገብ ቤት። በላይነሽ ዳገቱን እየወጣች ቃሉን ደጋገመችው። ጋሽ ሰብሃት «እንግዲህ...» ብለው መተዋቸው ትዝ አላትና ደስ አላላትም። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው።

ወደ ቃዲ ሰሚር ቢሮ ገባች። የኸይሪያን ውርስ ያኔ የወሰኑት የሸሪዓ ዳኛ እሳቸው ናቸው። በተጠርጣሪዎቿ ዝርዝር ውስጥም ነበሩበት፤ ዳኛ ስህተቱ እንዳይጋለጥ ወረቀት ሊያጠፋ ይችላልና።

ቃዲው ሳይጠየቁ ጀመሩ። «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ጻፊው። ወረቀቱን አየሁ፣ ሴትዮዋን አላየሁም። ኢዳ ላይ ናት ብዬ ላለማስቸገር አልጠራኋትም። ለክብሯ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።»

«አሻራው የሷ ካልሆነ ምን ይሆናል?»

«ፈቃድ ከሌለ እኔ በዚህ ጉዳይ ዳኛ አይደለሁም፤ አለቀ። አንቀጽ ሠላሳ አራት፣ ንዑስ አንቀጽ አምስት። ይህን ለመረዳት ጥልቅ ትርጉም አያስፈልግም። የሚገርመኝ ግን የኸይሪያ አቤቱታ ነው።»

«ምኑ?»

«አቤቱታዋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ እዚያም የሚደርሰው አጣሪ ጉባኤው ካጣራው በኋላ። የእሷ ማመልከቻ ገና ከታች ሳይጨረስ ጉባኤው ዘንድ ሄደ። 'በዝምታ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ፣ ይተርጎምልኝ' ይላል። አሥራ አራት ገጽ፣ እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰለሽ። ጉባኤው መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን መንገድ ጨርሱ ብሎ መለሰው። በአሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ 'አሻራው ይመርመርልኝ' የሚል አንድ መስመር የለም። ሴትዮዋ በአፏ የምትለው ይህንኑ ብቻ ሆኖ ሳለ።»

«ማን ነው የጻፈላት?»

«ማን ይጽፋል? ቢሻው ነው እንጂ።»

በላይነሽ ፈገግ አለች። ጋሽ ቢሻውን የማያውቅ የቦንጋ ሰው የለም። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ሰማያዊ ኪዮስክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ጽፈዋል፤ መጀመሪያ በእጅ፣ ኋላ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒውተር። ከዚያ በፊት መዝገብ ቤት ውስጥ የጋሽ ሰብሃት ረዳት ነበሩ። የበላይነሽን አባት የጡረታ ክርክር የጻፉት እሳቸው ናቸው። አባቷ «ሴት ልጅ ፖሊስ አትሆንም» ባሉ ጊዜ ለፖሊስ ኮሌጅ ማመልከቻዋን የጻፉላትም እሳቸው ነበሩ፤ ያውም በነፃ። ለእሷ ጋሽ ቢሻው ማለት ደብዳቤዋን ጽፎ ሕይወቷን የቀየረ ሰው ነው።

ኸይሪያን ሱቋ ውስጥ አገኘቻት። ጋሽ ቢሻውም እዚያው ነበሩ፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ይጽፋሉ።

«ደረስሽ ልጄ» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ስለ ጠፋው ወረቀት አቤቱታ እያዘጋጀሁላት ነው። ይህቺን ሴት ፍርድ ቤቱ ሊገድላት ነው የፈለገው።»

ኸይሪያ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። ያጠፈችውን ትፈታለች፣ የፈታችውን ታጥፋለች።

«እትዬ ኸይሪያ፣ ማክሰኞ ዕለት የት ነበሩ?»

«እሳቸው ጋ። ትእዛዙን አነበቡልኝ። ጣት ይታያል ብሏል አሉኝ። እኔ ደስ አለኝ። አለቀስኩም። ጣቴን አሳየኋቸው፣ 'እንግዲህ እሷ ትመስክርልኝ' አልኩ።» አውራ ጣቷን አነሣች፤ በመቀስና በመርፌ የሻከረች ጣት ናት። «ጋሼም ደስ አላቸው። ሙሉ መዝገቡን ኮፒ አድርገው ሰጡኝ፤ እጅሽ ላይ ይኑር ብለው።»

«ኮፒው የት አለ?»

ኸይሪያ ከባንኮኒው ሥር አንድ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች። የአራት ዓመት ወረቀት ነው። «እኔ አላነብም» አለች። «ጠብቄ አስቀምጣለሁ እንጂ።»

ጋሽ ቢሻው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «እሱ ለምርመራው ምን ይጠቅምሻል? ኮፒ ነው፤ ከኮፒ ላይ አሻራ አይመረመርም።»

«ልክ ነዎት» አለች በላይነሽ። ፌስታሉን ግን ይዛ ሄደች።

ቢሮዋ ተቀምጣ አሰበች። ሰላሐዲን አሻራው እንዲመረመር ይፈልጋል። ኸይሪያ እንዲመረመር ትፈልጋለች። ቃዲውም ይፈልጋሉ። እንግዲያው ወረቀቱን የሰረቀው ለቤቱ የሚከራከር ሰው አይደለም። ሌባው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ጣቱን። ወይ የጣቱ ባለቤት ነው፣ ወይ የእሱ ወዳጅ። ጋሽ ሰብሃት «እንግዲህ...» ብለው የተዉት ስለ ራሳቸው ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው?

ፌስታሉን ፈታችው። ማክሰኞ የተሠራው ኮፒ በላዩ ነበር። ቆጠረች። አርባ አምስት። አርባ ስድስት። አርባ ስምንት።

እጇ ቆመ።

ኮፒው ሲነሣ ወረቀቱ አልነበረም ማለት ነው። ከኮፒው ጋር የተያያዘ አንድ የማመልከቻ ቅጂ አለ፤ ያንኑ ማክሰኞ ጋሽ ቢሻው ለኸይሪያ ጽፈውላት መዝገብ ቤት የገባ፣ እግዱ እንዲራዘም የሚጠይቅ። ከግርጌው እንደ ማንኛውም የእሳቸው ማመልከቻ አባሪው ተቆጥሮ ተጽፏል። «አባሪ፦ የመዝገቡ ሙሉ ግልባጭ፣ 111 ገጽ።»

መዝገብ ቤት ሳለች ሽፋኑ ላይ ያየችው፣ ማክሰኞ ጠዋት በጋሽ ሰብሃት ቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው የገጽ ብዛት ደግሞ 112 ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊ አባሪውን ሳይቆጥር አይጽፍም። ቁጥሩ ከተሳሳተ መዝገብ ቤቱ ይመልሰዋል። ሠላሳ ዓመት የቆጠረ እጅ ባለቤቱ ሲሰርቅም ቆጠረ፤ ቆጥሮም ልክ ልኩን ጻፈ።

በላይነሽ ሌላ ማብራሪያ ፈለገች። የፈለገችው ለጉዳዩ አልነበረም፤ ለራሷ ነበር። አላገኘችም።

ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ተመለሰች። ጠዋት ያላየችውን ነገር አሁን አየች። ጥግ ላይ ያለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ ፔርሙዝና ስኒ ተደርድሮበታል።

«ሊና፣ ይሄ ማሽን መቼ ነው የተበላሸው?»

ልጅቷ ጋሽ ሰብሃትን አየች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስምንት ወር ሆነው።»

«ታዲያ ኮፒ ስትጠየቁ ምን ታደርጋላችሁ?»

«መንገድ ተሻግረን... ጋሽ ቢሻው ጋ ነው የምናስነሣው። ሁሉም መዝገብ። የሚወጣ መዝገብ ደብተር ላይ መፈረም አለበት፣ ግን ለኮፒ ሲሆን... ወጣ አይባልም። ፈትተው ያነሡታል፣ ሰፍተው ይመልሱታል። የኸይሪያንም ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ሰጠኋቸው። አሥር ሰዓት ላይ መለሱልኝ። እሳቸው ናቸው ብዬ አልቆጠርኩም።»

እንባዋ ወረደ። «ከሥራ ያባርሩኛል?»

በላይነሽ ወደ ጋሽ ሰብሃት ዞረች። «የዛሬ አራት ዓመት ሰላሐዲን የሰጠዎትን ፎርም ለማን ሰጡት?»

«መልእክተኛችን ዕረፍት ላይ ነበር» አሉ። «ቢሻው ሰፈሩ በኸይሪያ ቤት በኩል ነው። በመንገድህ አስደርግልኝ አልኩት። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ምንም አልጠረጠርኩም። ጠዋት ስቆጥር ጠረጠርኩ። ጓደኛዬ ነው፣ በላይነሽ። አርባ ዓመት።»

ሰማያዊዋ ኪዮስክ ክፍት ነበረች። ጋሽ ቢሻው ሲያዩዋት የደንበኛውን ወንበር በመሐረብ ጠረጉላት። አራት ዓመት ሙሉ ኸይሪያ የተቀመጠችበት ወንበር ነው። በላይነሽ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ቢሻው፣ ለኸይሪያ የሰጧት ኮፒ ስንት ገጽ ነው?»

«ሙሉውን ነው።»

«ስንት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ ፊታቸው ድንገት አረጀ።

«አባሪው ላይ ጻፍኩት እንዴ?»

«ጽፈውታል።»

«አዎ» አሉ። «እጄ ነው።»

«ጣቱም የእርስዎ ነው።»

«ጣቱም የእኔ ነው።»

እስከዚህ ድረስ አንቱ እያልኩ መጥቻለሁ፤ እንግዲህ ይብቃኝ። ቢሻው መሳቢያውን ሳበ። ኸይሪያ የሚል ጽሑፍ ካለበት ካርቶን ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ገጽ አርባ ሰባት። ሰማያዊው አሻራ ከግርጌው አለ።

«ለምን አላቃጠሉትም?» አለችው በላይነሽ። አንተ ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ምላሷ እምቢ አላት።

«ወረቀት ማቃጠል አልችልም። ሁለት ቀን ክብሪት ይዤ ተቀመጥኩ።»

«ያን ቀን ምን ሆነ?»

«ቤቷ ሄድኩ። ለቅሶ ላይ ነበረች። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ኢዳ ላይ ናት፣ ወንድ አይገባም አሉኝ። ስጡልኝ ብል እሺ ነገ አሉ። ሰብሃት ደግሞ ቶሎ ብሎኛል። ሥራ አሳድሬ አላውቅም፣ ያ ነው ኩራቴ። ቃዲው መቼም አያዳሉባትም፣ ብትጠየቅም እሺ ነው የምትለው ብዬ አሰብኩ። እዚህ ተመለስኩና ጣቴን ቀለሙ ላይ...» በአውራ ጣቱ አየሩን ተጫነ። «ለስንት ሰው እንዲህ አድርጌያለሁ መሰለሽ። ለቀበሌ፣ ለዕድር፣ ለማዳበሪያ። የሩቅ ገጠር ሰው ለአንድ አሻራ ብሎ ከቢታ ገነት ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ። ማንም ተጎድቶ አያውቅም ነበር።»

«ከስድስት ወር በኋላ አልፈቀድኩም ብላ እዚህ መጣች።»

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። ጋሼ ይጻፉልኝ አለች።»

«ያን ጊዜ አንድ መስመር ቢነግሯት ያልቅ ነበር።»

«እስር ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ስም ነው። ስለዚህ ጻፍኩላት። ሳንቲም አልተቀበልኳትም። ሌሊት ሌሊት ሕግ አነበብኩ። ጉዳዩን የትርጉም ጥያቄ ካደረግሁት በሕጉ ታሸንፋለች፣ ጣቱን ማንም አያየውም ብዬ ነው ወደ ላይ ወደ ላይ የገፋሁት። ምክር ቤቱ ቢተረጉምልኝ እሷም ቤቷን ታገኝ ነበር፣ እኔም...»

«እርስዎም ያመልጡ ነበር።»

ቢሻው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ኮፒውን የሰጧት ማንበብ ስለማትችል ነው?»

ይህችኛዋ ወጋችው። ራሱን ደፋ። በላይነሽ ካቴናውን አወጣች። የፖሊስ ኮሌጅ ማመልከቻዋ የተጻፈው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ «አመልካቿ በሐቀኝነቷ የተመሰገነች» የሚለውን ቃል ያወጣላት እሱ ነው። አለቀሰች ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግን ካቴናውን ስታስር ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ለኸይሪያ የነገረቻት በላይነሽ ራሷ ናት። ኸይሪያ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማክሰኞ ጣቴን ሳሳያቸው፣ አውቀው ነው ደስ አለኝ ያሉኝ?»

«አውቀው ነው።»

ኸይሪያ ጨርቋን ማጠፍ ጀመረች።

ወረቀቱ ዓርብ ጠዋት ታሽጎ አዲስ አበባ ሄደ፤ እግዱም ጸና። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ቢሻው ካመነው ጋር አንድ ሆነ። ቃዲ ሰሚር ችሎት ተቀመጡ። ሰላሐዲን በአንድ በኩል፣ ኸይሪያ በሌላ በኩል ቆሙ። ቃዲው ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉትና ሴትዮዋን አዩአት።

«ኸይሪያ፣ በዚህ ፍርድ ቤት እንድትዳኚ ፈቅደሽ ነበር?»

በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ዳኛ በቀጥታ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር።

«አልፈቀድኩም» አለች።

ቃዲው ጻፉ። ፈቃድ ስላልነበረ ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረውም፤ ውሳኔው ፈርሷል፤ ተከራካሪዎች ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰላሐዲን ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ፈቅደሽ ክደሻል ብዬ ነበር፣ አፉ በይኝ» አላት። እሷም በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

ከግቢው በር ማዶ ሰማያዊዋ ኪዮስክ ተቆልፋለች። ኸይሪያ ፌስታሏን ይዛ ፊት ለፊቷ ቆመች። በላይነሽ ደረሰችባት።

«ያ ሰውዬ የጻፈልኝ ሁሉ» አለች ኸይሪያ ፌስታሉን ከፍ አድርጋ፣ «ውሸት ነበር?»

በላይነሽ ሁሉንም አንብባዋለች። «አይደለም። አንድ ውሸት የለበትም። በደልዎን ከዚያ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አይገኝም።»

«እሱ ነው የከፋኝ» አለች ኸይሪያ። «ሌላው ሁሉ ሳያውቅ ነው ያላመነኝ። እውነቴን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፍልኛል።»

ለመደበኛው ፍርድ ቤት አዲስ ክስ ያስፈልጋታል። ከኪዮስኳ ወዲያ ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ዣንጥላ ሥር ተቀምጧል። ሄዳ ፊቱ ቆመች፣ የምትፈልገውን ነገረችው፣ እሱም ጻፈ። ሲጨርስ የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ አስጠጋላት።

ኸይሪያ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ወረቀቱን ከፊቱ አንሥታ ለበላይነሽ ሰጠቻት።

«አንብቢልኝ» አለች።

በላይነሽ አነበበችላት። ኸይሪያ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ከሥራ ወጥታ በዚያ ታልፍ ለነበረችው ለሊና ሰጠቻት። ሊናም ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች። ሁለቱም ያነበቡት አንድ መሆኑን እስክታረጋግጥ ድረስ ኸይሪያ ጣቷን ቀለም አላስነካችም።